ኮንትሮሉ ላይ የጨመርኩት ውሃ

ሥራዬ የቲቢ ባክቴሪያ ማብቀል ነው። ሰው «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲለኝ «ላቦራቶሪ» ብዬ አልፋለሁ፤ ዝርዝሩን የነገርኩት ሰው ወንበሩን ከአጠገቤ ያርቃል። አንዴ ለቅሶ ቤት አንዲት ጎረቤቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና «ታዲያ ምነው ከእኛ ጋር ትበያለሽ?» ብላኛለች። አልተቀየምኳትም ብል ውሸት ነው፤ እስከ ዛሬ ለሷ ያለኝ ሰላምታ ለብ ያለ ነው። አሁን የምጽፈው ግን ስለ ጎረቤቴ አይደለም። በገዛ እጄና በገዛ አፌ ስላደረግሁት ነገር ነው።

ጎንደር ውስጥ የምሠራበት ላቦራቶሪ ሁለት ዓይነት ሥራ አለው። አንዱ የሕመምተኛ አክታ ተቀብሎ ባክቴሪያው አለ የለም፣ ካለስ የትኛው መድኃኒት ይገድለዋል ብሎ መመርመር ነው። ሌላው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የመጣ ነው፤ ገና መድኃኒት ያልተባሉ፣ ይሁኑ አይሁኑ የማይታወቁ ዱቄቶችን ባክቴሪያው ላይ መሞከር። ዱቄቶቹን የሚሠራቸው አንድ ወጣት ኬሚስት ነው። ማራኪ ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ከሲታ፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር፣ ጃኬቱ ላይ ሁልጊዜ አሲድ የበላው ቀዳዳ የማይጠፋ ልጅ ነው። እኔ «ዶክተር» እለዋለሁ፣ ገና ሳይሆን፤ እሱ ደግሞ «እታለም» ይለኛል።

ዱቄቶቹ ከቅጠል ወይም ከሥር የተገኙ አይደሉም። አንዱን ኬሚካል ከሌላው ጋር አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ አጥቦ፣ ቀድሞ ያልነበረ ነገር ያወጣል። የግቢያችን ጥበቃ ይኼ ነገር ሊገባው አልቻለም። ኬሚስቱ በገባ በወጣ ቁጥር «ሥሩ ከየት ነው የተነቀለው?» ይለዋል። «አያ፣ ሥር የለውም» ሲለው «ሥር የሌለው መድኃኒት! ጉድ በል ጎንደር!» ብሎ ይስቃል። እኛም እንስቃለን። ያኔ ገና መሳቅ እንችል ነበር።

ሙከራው ሲያዩት ቀላል ነው። የእጅ መዳፍ የምታህል፣ ዘጠና ስድስት ትንንሽ ጉድጓድ ያለባት ፕላስቲክ አለች፤ ፕሌት እንላታለን። በየጉድጓዱ ባክቴሪያው ይገባል። ዱቄቱ በማሟሟያ ፈሳሽ ሟሙቶ ይጨመራል፤ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ በዛ ብሎ፣ ወደ መጨረሻው እየቀነሰ ይሄዳል። ሳምንት ያህል ኢንኩቤተር በምንለው ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ትሰነብታለች፣ መብራት ካልጠፋ። ከዚያ ሰማያዊ ቀለም ጠብ ይደረግባታል። በማግስቱ ሲታይ ጉድጓዱ ሰማያዊ እንደሆነ ከቀረ ባክቴሪያው ሞቷል፤ ወደ ሮዝ ከተለወጠ በሕይወት አለ። አንድ ረድፍ ደግሞ ዱቄት ሳይገባበት ይተዋል። ኮንትሮል ይባላል። ዱቄቱ ባይኖር ኖሮ ባክቴሪያው ያድግ እንደነበር የሚመሰክረው እሱ ነው፤ ሮዝ መሆን አለበት።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያየነው ሮዝ ብቻ ነበር። ዱቄት ቁጥር አንድ ሮዝ፣ ቁጥር ሁለት ሮዝ፣ ቁጥር ሃያም ሮዝ። ከመጥላቴ ብዛት የእህቴ ልጅ ለልደቷ ሮዝ ቀሚስ ሲገዛላት ነገር ፈልጌ አስለወጥኩት። እህቴ «አንቺ ሴትዮ ጤናሽ ነው?» አለችኝ። ልጅቷ አልቅሳለች፤ እኔ ግን አልጸጸተኝም።

ለሙከራ የምንጠቀምበት ባክቴሪያ ከሕመምተኞች አክታ የወጣ ነው። ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። የአንዱን ቁጥር ባለቤት ግን አውቃቸው ነበር፤ አክታቸውን የተቀበልኩት እኔው ነኝ። የኔታ ናቸው። ቀሐ ወንዝ አጠገብ ከአንዲት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ዳዊት ያስደገሙኝ ሰው። አባቴ «ሴት ልጅ ዳዊት ደግማ ምን ልትሆን ነው?» ብሎ ሊያስወጣኝ ሲመጣ «ሰው ትሁና!» ብለው የመለሱት እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ባያስጥሉኝ ኖሮ ዛሬ ላቦራቶሪ የሚባል ነገር በውጭ አልፌው ነበር የምሄደው።

የያዛቸው መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነበር። ተራው መድኃኒት አይነካውም። ስለዚህ ሌላ የበረታ መድኃኒት፣ በዛ ያለ ፍሬ፣ በየቀኑ ጤና ጣቢያ እየሄዱ ነርሷ እያየቻቸው ይውጡ ነበር። ያቅለሸልሻቸዋል። እግራቸውን ያቃጥላቸዋል፤ ሌሊት ብርድ ልብሱ ሲነካቸው እንኳ ይጮኻሉ ብለው ባለቤታቸው ነግረውኛል። ይህን ሁሉ ችለውት ነበር። አንድ ቀን ግን ልጠይቃቸው ስሄድ መጽሐፉን ዘርግተው በጣታቸው ገጹን እየዳሰሱ አገኘኋቸው።

«ቀዩ ጽሕፈት ጠፋኝ» አሉኝ። «ጥቁሩ ብቻ ነው የሚታየኝ።»

በብራናው የቅዱሳኑ ስም በቀይ ነው የሚጻፈው። የኔታ ጥቁሩን አንብበው ስሙ ጋ ሲደርሱ ገደል ያገኙ ይመስል ይቆሙ ነበር። መድኃኒቱ ዓይን እንደሚነካ አውቃለሁ፤ መጀመሪያ የሚወስደው ቀለም መለየትን ነው። ለሐኪሙ ነገርኩት፣ መጠኑን ቀነሰላቸው። የኔታ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነበር በሆዳቸው የሚያብሰለስሉት።

«ልተወው ይሆን እንዴ ልጄ?»

«ኧረ በስመአብ! የኔታ፣ ይኼን ቃል ከአፍዎ አያውጡት!» አልኳቸው። ጮኼባቸውም ይሆናል። ያቋረጠ ሰው ምን እንደሚሆን በየቀኑ የማየው እኔ ነኝ። አልሞት ብሎ የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይለምደዋል፣ ሲመለስ ማንም አይችለውም። ይኼን አስረድቼ፣ ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ በመጨረሻ «እሺ» አስባልኳቸው። የኔታን በሕይወት ሊያቆያቸው የሚችለው ያ «እሺ» ብቻ ነበር። እኔም አውቅ ነበር፣ እሳቸውም ያውቁ ነበር።

በዚያው ክረምት በግጭቱ ምክንያት መንገድ ተዘጋ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ቆመ። መኪና ጠዳ ደርሶ ተመለሰ ሲባል እንሰማለን፣ ከዚያ ያም ወሬ ይጠፋል። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ቆጥቋጣ ነኝ፣ አልክድም። የፈሳሽ መምጠጫውን የፒፔት ጫፍ ቆጥሬ ነው የምሰጠው። ወረቀት በሁለት ፊቱ ካልተጻፈበት አይጣልም። ከኋላዬ «ቋጣሪዋ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ደስም ይለኝ ነበር። ሌላው ክፍል ዕቃ አልቆበት እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ እኔ እሠራ ነበርና።

ማሟሟያው ፈሳሽ አንድ ጠርሙስ ብቻ ቀረን፣ እሱም ከሥሩ ሁለት ጣት የማይሞላ። ኬሚስቱ አዲስ ዱቄት ይዞ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ዱቄቱ ግን እልኸኛ ነበር፤ አልሟሟ አለ። ብንወዘውዘው፣ ብናሞቀው፣ ከታች ተቀምጦ ያየናል።

«እታለም፣ ለዚህ ማሟሟያውን በዛ አድርጊለት» አለኝና ወደሚያስተምራቸው ተማሪዎች ሄደ።

በዛ አድርጌ ጨመርኩለት፣ ሟሟ። በየጉድጓዱ ከፋፈልኩት። ኮንትሮሉ ጋ ስደርስ እጄ ተያዘ። ደንቡ ኮንትሮሉም ላይ ያንኑ ያህል ማሟሟያ መጨመር ነው። ዱቄቱ ብቻ ነው መቅረት ያለበት። ሌላ ጊዜ ሁሉ እንደዚያው ነበር የማደርገው። ያን ቀን ግን ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አንስቼ አየሁት። ለዚህ ባዶ ረድፍ ካፈሰስኩት ለሚቀጥለው ዱቄት አይተርፍም። «ምንም ለማይገባበት ጉድጓድ ይኼን ላፍስስ እንዴ? ሞኝ ነኝ?» አልኩና ውሃ ጨመርኩበት። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አላየኝም። መዝገቡ ላይ «ኮንትሮል» ብዬ ጻፍኩ፤ ውሃ ነው አላልኩም፤ መጻፍ እንዳለብኝም አልታየኝም። በቁጠባዬ ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት።

ከሳምንት በኋላ ፕሌቷን ከኢንኩቤተር አወጣሁ፣ ቀለሙን ጠብ አደረግሁ፣ በማግስቱ ጠዋት ገብቼ አየሁ። የአዲሱ ዱቄት የመጀመሪያዎቹ አራት ጉድጓዶች ሰማያዊ ናቸው። ከዚያ ወዲያ እየቀላ ሄዶ ሮዝ ሆኗል፤ ዱቄቱ ሲያንስ ኃይሉም አነሰ ማለት ነው፣ እውነተኛ መድኃኒት እንደሚያደርገው። ለማነጻጸሪያ የገባው የድሮው የታወቀ መድኃኒት ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ሮዝ፤ ባክቴሪያው ለምዶታልና። ኮንትሮሉ ሮዝ። የፕሌቷን ቁጥር አነበብኩ። የየኔታ ነው።

ማስኬን እንዳጠለቅሁ እልል አልኩ። ኬሚስቱን ጠራሁት፣ እየሮጠ መጣ፣ በመስታወቱ አሻግሮ አየ። ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። «እታለም፣ ሰማያዊ ነው?» «ሰማያዊ ነው!» «ደግመሽ እይልኝ።» «ዓይኔ ጠፍቷል እንዴ? ሰማያዊ ነው አልኩህ!» ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ተነሥቶ ፊቱን ጠርጎ እንዲህ አለኝ፦ «ገና ነው። መደገም አለበት። ለማንም አትንገሪ።»

«ለማን ብዬ እነግራለሁ?» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ይዤ ቀሐ ወረድኩ።

የኔታ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው፣ እማማ ነው የምላቸው፣ በሰፌድ ምስር ይለቅማሉ። መቀመጫ እስኪሰጡኝ እንኳ አልጠበቅሁም።

«የኔታ፣ የእርስዎ ጀርም ዛሬ ሞተ!»

«የኔ?»

«የእርስዎው። ከአክታዎ ያወጣነው። በአዲስ ዱቄት፣ እዚሁ ጎንደር በተሠራ።»

«ሁሉም?» አሉ።

«ሁሉም!»

እማማ ሰፌዱን አስቀምጠው መሬቱን ሳሙ። የኔታ እጃቸውን ዘርግተው ራሴን ዳሰሱኝ፣ ልጅ ሳለሁ ዳዊት ሳላሳስት የደገምኩ ቀን እንደሚያደርጉት። «ሸጋ ወሬ» አሉ። «ሸጋ ወሬ አመጣሽልኝ። ዓይንስ ይነካል?»

«ኧረ አይነካም!» አልኩ። ከየት አምጥቼ እንዳልኩት እግዚአብሔር ይወቀው። አይጥ እንኳ ቀምሶት አያውቅም።

«መቼ ይደርሳል?»

እውነቱን አውቅ ነበር። አንድ ዱቄት ፕሌት ላይ ሰማያዊ ስላሳየ መድኃኒት አይሆንም። በእንስሳት ይሞከራል፣ በሰው ይሞከራል፣ ዓመታት ይፈጃል፣ አብዛኛው መንገድ ላይ ይቀራል። ይኼን ለተማሪ ሳስተምር እኖራለሁ። የየኔታን ፊት ሳይ ግን አፌ ሌላ ነገር አለ። «ትንሽ ጊዜ ነው የኔታ። እስከዚያው ያንኛውን አይተዉ፣ አደራ።» ምላሴን ይቁረጠው። እሳቸው የሰሙት «ትንሽ ጊዜ» የሚለውን ነው።

መንገዱ ተከፈተ፣ አዲስ ማሟሟያ መጣ፣ ሙከራውን ልንደግመው ተነሣን። አሁን ጠርሙሱ ሙሉ ነው፣ የምቆጥብበት ምክንያት የለም፤ እንደ ደንቡ ኮንትሮሉም ላይ ያንኑ ያህል ማሟሟያ ጨመርኩ። ቀኑ ሲደርስ ፕሌቷን አወጣሁ። የዱቄቱ ጉድጓዶች ሰማያዊ ናቸው። ኮንትሮሉም ሰማያዊ ነው።

ከዚያ ገባኝ፣ ሲገባኝ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው። ባክቴሪያውን የገደለው ዱቄቱ አይደለም። ማሟሟያው ነው። ሲበዛ ይገድላል፣ ለሰው በዚያ መጠን ሊሰጥ የማይችል ነገር ነው። ዱቄቱን እየቀነስን ስንሄድ ማሟሟያውም አብሮ ይቀንስ ነበር፣ ለዚያ ነው መጨረሻው ላይ ሮዝ የሆነው። ውሃ ባልጨምር ኖሮ ኮንትሮሉ የመጀመሪያውኑ ቀን ይነግረን ነበር።

ኬሚስቱ ፕሌቷን ብዙ ጊዜ አየ። «የፊቱ ኮንትሮል ላይ ምን ነበር የጨመርሽው?» አለኝ።

«ውሃ።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ብልቃጦቹን ወደ ሳጥናቸው መለሰ፣ ክዳኑን ገጠመ። «ፈሳሹ እያለቀ ነበር» አልኩት። «አውቃለሁ» አለኝ። «በዛ አድርጊ ያልኩሽም እኔ ነኝ።» ወጥቶ ሄደ። አንድ ወር ያህል ወደ ላቦራቶሪው አልመጣም፤ ጥበቃው «ያ ሥር የሌለው ልጅ የት ገባ?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር።

በማግስቱ ወደ የኔታ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። ሥራ በዛ አልኩ፣ ባጃጅ የለም አልኩ፣ ቀሐ በኩል ተኩስ ተሰማ አሉ አልኩ። እውነቱ ግን አፈርኩ፤ ሌላ ምንም ምክንያት የለውም። ምን ብዬ ነው የምጀምረው? ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ከዚያ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደወለችልኝ። «የየኔታ ዘመድ አይደለሽ? መምጣት ካቆሙ አርባ ቀን ሆናቸው። ወደ አገራቸው ወጥተዋል አሉ።»

አርባ ቀን።

አገራቸው ከደባርቅ ወዲያ ነው። በማግስቱ ፈቃድ ወስጄ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደባርቅ ወርጄ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ሄድኩ፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው። የኔታን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፊታቸው ሞላ ብሏል። መጽሐፉ ጉልበታቸው ላይ ነው። ገና ሳያዩኝ በሩቁ ሰማኋቸው፤ ያነባሉ፣ ስሙ ጋ ሲደርሱ ሳይቆሙ ያልፋሉ።

«ልጄ! መጣሽ? ቀዩ ተመለሰልኝ!» አሉኝ። ገጹን ወደኔ አዞሩት፣ በጣታቸው እያሳዩ። «ይኸው፣ ይኸው፣ ይኸው።»

«የኔታ፣ መድኃኒቱን ተዉት?»

«ያንቺን እየጠበቅሁ ነዋ! አንቺው አይደለሽ ትንሽ ጊዜ ነው ያልሽኝ? እስከዚያ ዓይኔ ይረፍ ብዬ ነው።» ሳል ያዛቸው። ጎንበስ ብለው ሳሉ፣ ረዘመ። ያን ሳል ከሥራዬ አውቀዋለሁ።

አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው። ስለ ማሟሟያው፣ ስለ ጠርሙሱ፣ ስለ ውሃው፣ ምንም አላስቀረሁም። እያለቀስኩ ነው የነገርኳቸው።

«ውሃ ነው ያልሽኝ?»

«ውሃ።»

«ለመቆጠብ?»

«ለመቆጠብ የኔታ።»

መጽሐፉን ዘጉት። «አየ ልጄ» አሉ። እማማ ያሉበትን ጎጆ አዩና «ለእሷ እኔ እነግራታለሁ። አንቺ እንዳትነግሪያት» አሉኝ። ከዚያ ልጅ ሳለሁ በሚያዙኝ ድምፅ «ተነሺ፣ እንውረድ» አሉ።

በማግስቱ ሦስታችን ደባርቅ ሄደን ሚኒባስ ተሳፈርን። የኔታን መስኮት አጠገብ አስቀምጬ ማስክ አደረግሁላቸው፣ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። መኪናው ገና ሳይነሣ ጫጫታው ተጀመረ። «ዝጊው እንጂ! ነፋስ ሊመታን ነው!» «ሕፃን አለ እዚህ!» «ይቺ ሴት ምን ሆነች?» መስኮት ከሚከፈትባቸው ሰው ቢያስልባቸው ይሻላቸዋል፤ ያገራችን ሰው እንዲህ ነው። ከኋላ አንድ ሰው እጁን አስረዝሞ ሊዘጋው ሲል እጁን መታሁት። ረዳቱ መጣ። «እትዬ፣ ወይ ዝጊ ወይ ውረጂ።» ቲቢ ነው ብል የኔታን ገደል ላይ ያወርዷቸዋል። «ታመምኩ፣ ያስመልሰኛል» አልኩና ከፊታቸው ተቀምጬ ራሴን በዚያው መስኮት አውጥቼ ጎንደር እስክንገባ እንደዚያው ቆየሁ። ሲሰድቡኝ ነው የዋሉት። እማማ አጠገባቸው ሆነው፣ የኔታ ባሳሉ ቁጥር አፋቸውን በገዛ ነጠላቸው ይጠርጉላቸው ነበር።

የኔታ መድኃኒቱን እንደገና ጀመሩ። አንድ ቀን እንኳ አልቀሩም። ቀዩ ጽሕፈት በሳምንታት ውስጥ እንደገና ጠፋ፣ ከዚያም ጥቁሩ። ሳሉ ግን አልጠፋም። አዲስ አክታ ሰጡ፣ እኔ ተቀበልኩ፣ እኔ አበቀልኩት፣ እኔ አነበብኩት። ባክቴሪያው ዋና ዋናዎቹን መድኃኒቶች ለምዷል። ውጤቱን ጽፌ ፈረምኩ። በሕክምና ካርዳቸው ላይ ያቋረጡበትን ምክንያት የሚጠይቅ ቦታ አለ፤ «በራሳቸው ፈቃድ» ተብሎ ተጽፏል። አንብቤዋለሁ። አላረምኩትም።

በተከታዩ ዓመት፣ በፍልሰታ ጾም መጨረሻ ላይ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር። ካህናቱ ሲያሸበሽቡ እኔ የማስበው ጠርሙሱን ነበር፣ ሁለት ጣት የማትሞላዋን። ለሚቀጥለው ዱቄት ይተርፋል ብዬ። ለሚቀጥለው ዱቄት!

ከተዝካሩ በኋላ፣ አንድ ጠዋት የናሙና መቀበያው መስኮት ተንኳኳ። እማማ ናቸው። ከስተዋል፤ ጥቁር ነጠላቸውን አጣፍተው የአክታ ዕቃ በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«እንኪ ልጄ። የኔን ደግሞ እይልኝ።»

ዕቃውን ተቀበልኩ።

«ያቺ ዱቄትሽ ደረሰች ወይ?» አሉኝ።

«የቷ?»

«የየኔታን ጀርም የገደለችው። ልትደርስ ነው፣ ልትደርስ ነው ሲሉኝ ከረሙ። ሊሞቱ ሲሉም እንኳ፣ እኔ ባልደርስባት አንቺ ትደርሽባታለሽ ነው ያሉኝ።» በመስኮቱ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ነርሷ ያንን የዓይን ማጥፊያ ልትሰጠኝ ነው። እኔ ግን አልነካውም። ያንቺን እጠብቃለሁ።»

አልነገሯቸውም። የኔታ እኔን ለመሸፈን ብለው፣ ወይም እማማን ላለማሳዘን፣ አልነገሯቸውም። ይዘውት ሄዱ።

ጋዋኔን አወለቅሁ፣ ወጣሁ፣ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። እማማ ሲሰሙ አላለቀሱም። ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቁኝ።

«እሳቸው ያውቁ ነበር?»

«ያውቁ ነበር።»

«የተዉትስ ያንቺን ብለው ነው?»

«የኔን ብለው ነው እማማ።»

ነጠላቸውን ሰበሰቡ፣ ተነሡ፣ ጥበቃውን አልፈው ወጡ። ውጤታቸው ሲደርስ ባክቴሪያው የየኔታው ነው፣ መድኃኒቱን የለመደው። የሚሠራላቸው መድኃኒት ጥቂት ቀርቷል፣ ያም የሚከብደው ነው፣ ለረጅም ጊዜ የሚዋጥ።

ጀመሩት። በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቴ በፊት ጤና ጣቢያው ሄጄ በሩ ላይ እቆማለሁ። አትምጪ አላሉኝም፣ ነዪም አላሉኝም። ነርሷ ፍሬዎቹን ትሰጣቸዋለች፣ አንድ በአንድ በውሃ ያወርዷቸዋል። ሲጨርሱ ወደ ነርሷ አይዞሩም። ወደ እኔ ዞረው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ምላሳቸውን አንሥተው ከሥሩ ምንም እንደሌለ ያሳዩኛል፣ «አየሁ» እስክል ድረስ። ከዚያ አፋቸውን ዘግተው፣ ሰላም ሳይሉኝ ይሄዳሉ።